የጋቢው ፍርድ

በመንዝ ደጋ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወሰን የተጋፉ ጎረቤቶች፣ ትዳራቸው የተናጋ ባልና ሚስት፣ ደም የተቃቡ ዘመዳሞች ከፍርድ ቤት በፊት እሳቸው ዘንድ ይቀርባሉ። ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ ቃል አይወጣቸውም። የከሳሽ እንባ አይጎትታቸውም፤ የተከሳሽ ዝምታም እንደ ጥፋት አይቆጠርባቸውም። በገዛ ልጃቸው ሕመም ላይ ግን ግማሹን ብቻ ሰምተው ከረሙ።

ልጅቱ 17 ዓመቷ ነው። ዳገት መውጣት ካቃታት ቆይቷል። ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታድራለች። አዲስ አበባ የመረመሯት ሐኪሞች በግራ በኩል ያሉትን ሁለት የልብ ክፍሎች የሚለየው ሚትራል ቫልቭ ጠንክሮና ተጣብቆ ደም በበቂ እንደማያሳልፍ ነገሯቸው። መቀየር አለበት። ከዚያ ወረፋው መጣ። በአገራችን ልብ ከፍቶ የሚጠግን ማዕከል ጥቂት ነው፤ ተራቸው ሳይደርስ የሚቀሩ ልጆች አሉ። ይህን ጽፎ ማለፍ ያማል፤ ግን ሳይጻፍም አይታለፍም።

እናቲቱ ወረፋውን ስትጠብቅ ጥጥ ፈተለች። ተራው ሲደርስ ድሩም ማጉም አልቆ፣ ሸማኔው ሠርቶ፣ ጥለት የሌለው ወፍራም ጋቢ ሆኖ ነበር። ለባሏ አስረከበችና «ይህ ልጄን ላተረፈልኝ ሰው ነው። ለአንድ ሰው። ጋቢ ለሁለት አይቀደድም» አለች።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ልጅቱ ከሆስፒታል ወጥታ አዲስ አበባ አጎቷ ቤት አረፈች። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሲመለሱ ሽማግሌው ጋቢውን በብብታቸው ይዘው ቀዶ ሐኪሙን ፈለጉ።

«ዶክተር፣ እናቷ የላከችው ነው። ልጃችንን ላተረፈልን።»

ሐኪሙ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ዳሰሰው፤ መልሶም ሰጣቸው። «አባባ፣ ቫልቩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የፍርንባዋን አጥንት ሰንጥቄ፣ ልቧን ከፍቼ፣ የተበላሸውን አውጥቼ ሰው ሠራሹን ሰፍቻለሁ። አጥንቱንም በሽቦ ገጥሜ ዘግቻለሁ። ነገር ግን የዚያኑ ዕለት ሌሊት ደረቷ እንደገና ተከፍቷል። ያን ሌሊት ያተረፋት ሌላ ሰው ነው፤ ጋቢው ወደዚያ ይሂድ።»

ሽማግሌው ክው አሉ። «ሁለት ጊዜ ተከፍታለች?»

«አልሰሙም እንዴ? እኔ ለወንድምዎ እዚያው ሌሊቱን ነግሬያቸዋለሁ።»

ወንድምየው በሩ ሥር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። «ጋሼ፣ ሩቅ ነበርክ ብዬ አይደለም፤ ቤቴ ተኝተህ ነበር። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ደግሞ ተርፋለች፤ ምን ያደርጋል ብዬ…»

ይህ የእኛ ልማድ ነው። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል፤ ክፉ የሕክምና ወሬ ደግሞ ጭራሹን ይደበቃል። የሚደብቀው ሰው ክፋት የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ አብልጦ የሚወድ እሱ ነው። ሆኖም ታማሚው ላይ የደረሰውን የማያውቅ ቤተሰብ ወደፊት ምን መጠበቅ እንዳለበትም አያውቅም። እኔ ከድንጋጤው ይልቅ ይህን እፈራዋለሁ።

ሽማግሌው ቁጣቸውን ዋጥ አድርገው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያው ነገሩ ከሥሩ ይሰማ። ያየ ይመስክር። ጋቢው እስኪፈረድ እኔ ዘንድ ይቆያል።»

ሐኪሙ አልተቀየመም። «መብትዎ ነው» ብሎ እሱ ራሱ ከሰው ሰው አገናኛቸው።

መጀመሪያ የመሰከረው የልብና የሳንባ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ነው። ሐኪሙ ሲሰፋ ልቧ ቆሞ እንደነበር፣ ደሟ በቧንቧ ወጥቶ በማሽኑ ኦክስጅን አግኝቶ ይመለስ እንደነበር ነገራቸው። «ማሽኑን ማን ፈጠረው?» ብለው ጠየቁት። ከሽማግሌ የማይጠበቅ ጥያቄ ነው፤ እሱ ግን ደስ እያለው መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ውስጥ ጆን ጊቦን የሚባል ወጣት ሐኪም የረጋ ደም ሳንባዋን የዘጋባትን አንዲት ሴት አጠገቧ ተቀምጦ ሲጠብቅ አደረ። ግፊቷን እየለካ ይጽፋል፤ ደሟ እየጠቆረ ሲሄድ ያያል። ሴትዮዋ በመጨረሻ ቀዶ ጥገና ቢደረግላትም አልተረፈችም። ጊቦን ያን ሌሊት ያን የጠቆረ ደም አውጥቶ፣ አየር አብልቶ መመለስ ቢቻል ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡንም ከሃያ ዓመት በላይ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1953 ፊላደልፊያ ውስጥ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብና ሳንባ ሥራቸውን ለ26 ደቂቃ ለማሽኑ ለቀቁ፤ የልቧ ቀዳዳ ተደፈነ፤ ዳነች።

«ማሽኑ የተወለደው በሽተኛ ሲጠበቅ ባደረ ሌሊት ነው» አላቸው ባለሙያው። «ግን ዋጋ ያስከፍላል አባባ። ደሙ በቧንቧው ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን እንሰጣለን፤ ስንጨርስ በፕሮታሚን እናከሽፈዋለን። ያም ሆኖ በማሽን የዞረ ደም ለመርጋት ይዘገያል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ መድማት ያለ ነገር ነው። የእኔ ሥራ በር ላይ ያበቃል፤ የሌሊቱን ነርሷን ይጠይቁ።»

ነርሷ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ አገኟት። ድካሟ ፊቷ ላይ ይታያል። ቢሆንም ከግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ አብራቸው ተቀመጠች።

«ልጅዎ ከሰዓት በኋላ ወደ እኛ ስትመጣ ከደረቷ ሁለት ቱቦ ይወጣ ነበር። የሚፈሰው ደም ከአልጋው ሥር ወዳለው ጠርሙስ ይገባል፤ በየሰዓቱ ለክተን እንጽፋለን። በመጀመሪያው ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ወጣ። ቀጥሎ 130፣ ቀጥሎ 120። በሰዓት 200 እየሆነ ቢቀጥል ወዲያው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እንመልሳታለን፤ እዚያ አልደረሰም። ዘመዶችዎ ከለገሱት ደም ተክተንላት እንጠብቃለን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጠርሙሱን ሳይ ምንም አልጨመረም።»

«ተመስገን ነዋ!» አሉ ሽማግሌው።

«ሁሉም ያለው ይህንኑ ነው። ወንድምዎ በሩ ላይ ሆነው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ተረኛው ሐኪምም ደስ አለው። ግን አባባ፣ የሚቆም ደም እየቀነሰ እየቀነሰ ነው የሚቆመው፤ 120 የነበረ 70፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 20 ይሆናል። ከ120 ወደ ዜሮ በአንዴ አይወርድም። የመስኖ ቦይ ድንገት ሲደርቅ ውኃው አለቀ ይላሉ?»

«ኧረ አልልም። የሆነ ቦታ ተደፍኗል፤ ከላይ ማሳውን እያጥለቀለቀ ነው እላለሁ።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት።»

ቱቦውን የረጋ ደም ደፍኖታል። ደሙ ግን መፍሰሱን አላቆመም፤ ልብን በከበበው ከረጢት ውስጥ እየተጠራቀመ ልቧን ከውጭ ይጫናታል። የተጫነች ልብ አትሞላም፤ ካልሞላች የምትረጨው የላትም። ሐኪሞች ታምፖናድ ይሉታል። ነርሷ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የላይኛው የደም ግፊት ከ112 ወደ 88 ወርዷል። በአንገቷ ሥር በገባው ቀጭን ቱቦ የሚለካው ግፊት ደግሞ ከ9 ወደ 17 ወጥቷል። የመጀመሪያው ብቻ ቢወርድ ደም አንሷት ነው ይባል ነበር፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው መውጣቱ ነው ነርሷን ያስደነገጣት። ሽንቷ ቀነሰ። እግሯ ቀዘቀዘ። ከሰመመን እየነቃች የነበረችው ልጅ ትቁነጠነጥ ጀመር፤ ይህንም አንዳንዱ ሕመም ነው ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ያልፈዋል።

«ቱቦውን በጣቴ እያሸሁ የረጋው እንዲወርድ ሞከርኩ፤ አልወረደም። ለተረኛው ሐኪም ነገርኩት። ‹ደሙ ቆሟል እኮ ሲስተር፤ ፈሳሽ ጨምሪላት› አለኝ። ጨመርኩ፤ ግፊቷ ትንሽ ብቅ ብሎ ተመልሶ ወረደ። ደግሜ ነገርኩት። ‹ግማሽ ሰዓት እንያት› አለ። ያን ጊዜ ስልኩን አንስቼ ለትልቁ ዶክተር ቤቱ ደወልኩ።»

ሐኪሙ መጣ፤ አያት፤ አልዘገየም። ደረቷ ሲከፈት ጭብጥ የሚያህል የረጋ ደም ልቧ ላይ ተኝቶ ተገኘ። እሱ ሲነሣ ግፊቷ እዚያው ተመለሰ። ከፍርንባው ጀርባ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ትደማ ነበር፤ ተቋጠረች። ቢዘገዩና ልቧ ብትቆም ኖሮ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መውሰጃ ጊዜም አይኖርም፤ ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ እንዲህ ያለው አደጋ ሲደርስ ደረት በ5 ደቂቃ ውስጥ እዚያው አልጋ ላይ እንዲከፈት ነው ደንቡ የሚያዘው።

ሽማግሌው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ የሽማግሌ ጥያቄ ጠየቁ። «ልጄ፣ ‹እንይ› ያለሽን ሐኪም ዘለሽ ለአለቃው መደወል አላስፈራሽም?»

«ፈርቼ ነበር። ግን ከዚያ በፊት አንድ ሌሊት ለሌላ ታማሚ ደውዬ አስነሥቼው፣ መጥቶ ሲያይ ምንም አልነበረም። የተጣመመ ቱቦ ነበር። አፍሬ መሬት ልገባ ስል ‹እንኳን ደወልሽ› ብሎኝ ሄደ። ያን ቀን ተቆጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ለልጅዎ አልደውልም ነበር።»

ይህን ቃል አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያየው እለምናለሁ። ልጅቱን ያተረፋት የስልክ ጥሪ የተዘጋጀው እሷ ገና ወረፋ ላይ ሳለች፣ በከንቱ የተቀሰቀሰ ሰው ባልተቆጣበት ሌሊት ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚወርድ ቁጣ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ከወራት በኋላ አንዲት ነርስ ስልክ አንስታ መልሳ ታስቀምጣለች፤ ምክንያቱንም ማንም አይመዘግበውም። አለቃ የሆናችሁ ሁሉ ይህን አስቡት።

ነርሷ ጋቢውን አልተቀበለችም። «ሦስት ፈረቃ ነን፤ በሦስተኛው ቀን የልብ ምቷ ሲዛባ ያየችው ሌላዋ ናት» አለች።

ተረኛው ሐኪም ሳይጠሩት ራሱ መጣ። ወጣት ነው። «አባባ፣ ያልሰማኋት እኔ ነኝ» አላቸው ቆሞ። «ማስታወሻው ላይ ‹ደሙ ቆሟል› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የደረሰው ነገር በሚመረመርበት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናግሬዋለሁ። ጠርሙሱን አይቼ ልጅቱን ሳላይ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ቱቦ በድንገት ዜሮ ካሳየ ቀዶ ሐኪሙ ሳይጠራ እንዳይቀር ተብሎ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው በዕድሜያቸው ብዙ ጥፋተኛ አይተዋል። ሳይጠራ የመጣ ግን ጥቂት ነው። «ቁጭ በል ልጄ» አሉት።

ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሏቸው ነበር። በዚያው ቀን ግን ከክትትል ክፍሉ ተጠሩ። የልጅቱ የደም ምርመራ ውጤት መጥቷል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ያለበት ሰው ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ መጠኑ የሚታወቀው አይ.ኤን.አር. በሚባል ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ሰው 1 አካባቢ ነው። እሷ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን ነበረባት፤ 1.6 ሆና ተገኘች።

«ክኒኑን ታቋርጫለሽ?» አሏት። ምላ ተገዘተች፤ እውነቷን ነው። የክትትል ነርሱ ካርዷን እያየ ጠየቀ። «ምን ትበያለሽ?»

ሁዳዴ ነበር። እናቷ ከመንዝ መጥታ አጎቷ ቤት ታስታምማታለች። ደም ፈሷታል የሚለውን ወሬ በኋላ በሹክሹክታ ሰምታ ኖሮ፣ ደም ይተካል ብላ ጎመን ጠዋት፣ ጎመን ቀን፣ ጎመን ማታ ታበላታለች። ጎመን ዋርፋሪን የሚቃወመው ቫይታሚን ኬ በብዛት አለበት። እናት ከልቧ የሰጠችው ምግብ ቫልቩን ለአደጋ አጋልጦት ነበር፤ የረጋ ደም ቫልቩን ሊያስቆም ወይም ወደ ጭንቅላት ሄዶ ግማሽ አካል ሊያሰንፍ ይችላል።

ነርሱ ጎመን አልከለከለም። «ትብላ። ግን ሁልጊዜ ተመጣጣኝ ይሁን፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ምግቧ ስለሚለወጥ ያኔ ቶሎ ትመርመር» አለ። ሌላውንም አስከትሎ ነገራቸው፦ ከፋርማሲ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻም ሆነ የባሕል መድኃኒት ሳይጠየቅ አይወሰድ፤ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ቫልቭ እንዳላት ይነገር፤ አጥንቱ እስኪገጥም ለሦስት ወር እንስራም ጀሪካንም እንዳትሸከም። ልጅቱን ለብቻዋ ጠርቶ ደግሞ ዋርፋሪን ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዟ በፊት መጥታ እንድትማከር ነገራት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ሁለት ጥያቄም ጠየቀችው።

ለሽማግሌው አንድ ነገር ጨመረላቸው። ይህ መድኃኒት የተገኘው በእንስሳ በሽታ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ ያልረጋ ደም በባልዲ ይዞ ካርል ሊንክ ወደሚባል ተመራማሪ ሄደ። ከዚያ የተገኘው ነገር መጀመሪያ የአይጥ መርዝ፣ በኋላም የሰው መድኃኒት ሆነ። ሽማግሌው «ገበሬው ባይሄድ ኖሮ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጅቱ አይ.ኤን.አር.ዋ ሲስተካከል ወደ መንዝ ተመለሰች። በወረዳው ጤና ጣቢያ በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ ታዟል። አባትየው አብረዋት ሄዱና የጤና ጣቢያውን ነርስ «ቫልቩ ተቀይሮ የለ? መርፌው ለምን?» አሉት።

«ሌሎቹ ቫልቮቿ የራሷ ናቸው፤ እነሱ እንዳይጎዱ ነው» አለና ጠየቃቸው። «ልጅ ሳለች ቶንሲል ታማ ታውቃለች?»

ታውቃለች። 9 ዓመት ሲሆናት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አብጦ፣ እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ክርኗ እያበጠ ተሰቃይታ ነበር። ለጉሮሮው እንጥሏን አስቆርጠዋታል፤ ለቁርጥማቱ ወጌሻ አሽቷታል። ሁለቱንም ጊዜ ይዘዋት የሄዱት እሳቸው ናቸው። ነርሱ አልወቀሳቸውም። ጉሮሮዋን በታመመች በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢሰጣት ኖሮ ሕመሙ ልቧ ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችል እንደነበር ብቻ ነገራቸው።

እሑድ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። አጎትየውም ከአዲስ አበባ ተጠርቶ መጣ። ሽማግሌው ጋቢውን ፊታቸው ዘርግተው ፈረዱ።

«ጋቢው ለሌሊቷ ነርስ ይሰጥ። ሐኪሙ አዳነ፤ ሌሎቹም አዳኑ፤ ሁሉም ‹ተመስገን› ሲል ‹አይደለም› ያለችው ግን እሷ ናት። እንቢ ካለች ለክፍሉ ሰጥታ ተረኛ የሚሆን ሁሉ ሌሊት ይልበሰው።

«ወንድሜ ያወቀውን ስለ ደበቀ ካሣ ይክፈል። ልጅቱ ለደም ምርመራ አዲስ አበባ በምትሄድበት ጊዜ ሁሉ ትራንስፖርቷን ይችላል፤ ውጤቱንም ቁጥሩን ሳይቀንስ ሳይጨምር በዚያው ቀን በስልክ ይነግረኛል።»

አጎትየው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ስሞ ተቀበለ።

«ሦስተኛው በእኔ ላይ ነው። ሳልጠይቅ እንጥል አስቆርጬያለሁና ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቀበሌ ጉሮሮውን የታመመ ልጅ ካለ እኔ ራሴ ጤና ጣቢያ አደርሰዋለሁ። በቅሎዬ ለዚህ ትዋል።»

በቅሎዋ መጀመሪያ የጫነችው የልጅቱን ታናሽ ወንድም ነው። ቶንሲል በታመመ በሦስተኛው ቀን ፔኒሲሊን ተወጋ።